መልስ ያጣ ጥሪ

እጮኛዬን ያወቅኩት ሱሪ ሊያሳጥር ወደ ስፌት ቤቴ ሲመጣ ነው። እኔን ለማየት ሲል ያንኑ ሱሪ ሦስት ጊዜ አሳጠረው። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ዘመተ።

በተመለሰ በስምንተኛው ወር የስፌት መኪናዬን ገመድ በመቀስ ቆረጠው።

«ማን ነው የላከሽ? በዚህ መኪና ስለ እኔ ታወሪያለሽ» አለኝ፣ መቀሱን እንደያዘ።

«ማንም አልላከኝም» አልኩት። 

ወንድሜ ሲሰማ ደሙ ፈላ። «እህቴ፣ ነገ መቀሱ አንገትሽ ላይ ቢያርፍስ? በቃሽ፣ ተይው።»

«አንድ ሌላ ሐኪም ልሞክርለት» አልኩት።

ሐኪሟ በዕድሜ የገፉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ነበሩ። ከዚያ በፊት ለሚሰማው ድምፅ የታዘዘለትን መድኃኒት አላስቆሙትም፤ ግን በሳምንት ሦስት ቀን ያዳምጡት ጀመር። ሁላችንም «የምትሰማው ድምፅ የለም» ስንለው እሳቸው «ምን ይልሃል?» ብለው ጠየቁት።

«‹መልስልኝ› ይለኛል።»

«ማን?»

ይህን ለመናገር አምስት ወር ፈጀበት። እኔ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ የደንበኞቼን ሸሚዝ ቁልፍ እተክል ነበር።

አንድ ረፋድ ራሱ በሩን ከፍቶ አስገባኝ። ወለሉን እያየ ነገረን። ግንባር ላይ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። የልብ ጓደኛው ኮረብታ ላይ ተከቦ በሬዲዮ ሲጠራው፣ አዛዡ «እንዳትመልስ፣ ያለንበት ይታወቃል» አለው። ጓደኛው ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ጠራው።

«እየሰማሁት አልመለስኩለትም።»

ሐኪሟ «አሁን ቢሰማህ ምን ትለዋለህ?» አሉት።

«‹እዚያው ነበርኩ› እለዋለሁ።»

ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ትከሻውን ነካሁት፤ አልሸሸኝም።

ድምፁ ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን እየራቀ ሄደ። አንድ ቀን ከሆስፒታሉ ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆመ።

«እንዲህም ሆኜ ታገቢኛለሽ?»

«አሁንም ትጠረጥረኛለህ?»

 «አንዳንድ ቀን።»

 አልዋሸኝም።

«እንደዚያ ባለ ቀን ትነግረኛለህ?»

«እነግርሻለሁ።»

በወሩ ተጋባን። ወንድሜ አልመጣም።

በመጀመሪያው ዓመት አራት ጊዜ ነገረኝ። አራቱንም ጊዜ ሥራዬን አቁሜ አጠገቡ ተቀመጥኩ።