ተመላሽ የሌለው ዝምታ

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ማለት ግማሽ ተማሪ፣ ግማሽ አባወራ ነው። ቀን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንደ ልጅ ተቀምጦ ያጠናል፤ ሲመሽ ስልኩን ይዞ ኮሪደር ላይ እየተንጎራደደ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጅ ሳል፣ ስለ አማት ወገብ ሕመም ያወራል። የዚህ ታሪክ ባለቤት የሆነው የሂሳብ መምህርም እንዲሁ ነበር። የሚለየው ስለ ቤቱ ሲነጋገር በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መሆኑ ነው። አብሮት የሚኖረው ወሬ የማያልቅበት የእርሻ ባለሙያ «ካዝናው» የሚል ቅጽል ስም አወጣለት፤ የገባ ነገር አይወጣበትም ለማለት።

መምህሩ በስሙ አልተከፋም፤ እንዲያውም ልቡን ደስ ሳይለው አልቀረም። ያሳደገው አጎቱ ችግሩን ለሰው የሚያዋይ ወንድ አይወድም ነበር። እሱም ይህንኑ እንደ ጨዋነት ቆጥሮ አደገ። እሱን ብቻ አንፍረድበት፤ ጉንጫችን አብጦ እንኳ «ደህና ነኝ፣ ምንም አልልም» የምንል ብዙዎች ነን።

የሚማረው ዩኒቨርሲቲው በሚሰጠው የትምህርት እርዳታ ነው። በየመንፈቁ መጀመሪያ ከእርዳታው ላይ የትምህርቱ ክፍያ ይቆረጥና የተረፈው ለመተዳደሪያ በእጁ ይሰጠዋል። ይህን ትርፍ የቢሮ ሰዎች «ተመላሽ» ይሉታል። በመግቢያው ሰሞን የተማሪዎች አገልግሎት ክፍል «ስለ ተመላሽ ደንብና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ስለሚሰጡ አገልግሎቶች» ገለጻ እንደሚሰጥ ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር። መምህሩ ቆሞ አነበበውና ተወው። ለእሱ ተመላሽ ማለት ሄዶ የመጣ ሰው ነው፤ ከስደት ተመላሽ፣ ከጦር ሜዳ ተመላሽ እንደሚባለው።

«እኔ ገና መምጣቴ ነው፤ ሄጄ ስመለስ እሰማዋለሁ» ብሎ ቀለደ። የእርሻ ባለሙያው ስቆ ብቻውን ሄደ፤ እሱም ቢሆን ከኋላ ወንበር ሲያወራ ግማሹን ሳይሰማ ወጣ።

የመምህሩ ሚስት በሚኖሩበት ትንሽ ከተማ ቀርታለች። የልብስ ስፌት ሱቅ አላት፤ የመጀመሪያ ልጃቸውንም አርግዛለች። መንፈቁ ሳይጋመስ አንድ ቀን ደውላ እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ እንዳላት፣ ራሷን እንደሚፈልጣትና ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ እንደሚልባት ነገረችው። ስልኩን ዘግቶ ልብሱን በቦርሳ መክተት ጀመረ።

የእርሻ ባለሙያው በሩ ላይ ቆሞ፣ «ከመሄድህ በፊት ቢሮ ግባና ንገራቸው» አለው።

«ምን ብዬ?»

«ሚስቴ ታማብኛለች ብለህ ነዋ። ፈቃድ ይሰጡሃል። ደግሞ ለቤተሰብም የሆነ ነገር አለ ሲሉ የሰማሁ መሰለኝ።»

«የሚስቴን ሕመም ለቢሮ አላወራም። ቤቴን አደባባይ አላወጣም» አለ መምህሩ። «አንተም ቢጠይቁህ የት እንደሄደ አላውቅም በል። ቃል ግባልኝ።»

ጓደኛው ቃል ገባ። ከመምህሩ የትምህርት ክፍል ሁለት ጊዜ ሰው መጥቶ ቢጠይቀውም አላውቅም አለ። ያ ለፍላፊ ሰው በዕድሜው ምስጢር የጠበቀው ያኔ ብቻ ነው፤ ባልጠበቀ ይሻል ነበር።

መምህሩ ሚስቱን ከተማዋ ውስጥ ካለች አንዲት የግል ክሊኒክ አስተኛት። ከእርዳታው የተረፈው ገንዘብ በመድኃኒትና በአልጋ አለቀ። ሐኪሙ መምህሩን ወደ ውጭ ጠርቶ የእርግዝና ደም ግፊቷ አልወርድ እንዳለ፣ እዚህ መቆየቷ አደገኛ እንደሆነና ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሪፈር ሊጽፍላት እንደሚፈልግ ነገረው። ትልቁ ሆስፒታል የተባለው መምህሩ የሚማርበት ዩኒቨርሲቲ የራሱ ሆስፒታል ነው። በየቀኑ ወደ ክፍል ሲሄድ በአጥሩ ሥር ያልፋል፤ አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም።

ሆስፒታሉ የሚጠይቀውን የገንዘብ ማስያዣና የአምቡላንሱን ዋጋ ሲሰማ አንገቱን ደፋ። መበደር ይችል ነበር። ለመበደር ግን መናገር ያስፈልጋል። «ትንሽ ቀን እንያት» አለ። ሐኪሙ አልተስማማም፤ መምህሩ ግን ለመነው፣ ሐኪሙም ሳይወድ ተወው።

ሲገባ ሚስቱ ትራሷን ተደግፋ ትጠብቀው ነበር።

«ምን አለህ?»

«ደህና ነሽ፤ እረፍት ብቻ ነው የሚያስፈልጋት አለ።»

«ገንዘቡስ?»

«አለ።»

ውሸት ለመናገር አልነበረም ሐሳቡ፤ ሊያሳርፋት ነበር። ብዙ ጥፋት የሚሠራው እንዲህ ባለ ደግነት ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ራሷን ስታ ተንቀጠቀጠች። ያኔ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ተገኘ፤ ጎረቤት አዋጣ፣ አማቱ የአንገታቸውን ሐብል ሸጡ፣ አምቡላንስ መጣ። ትልቁ ሆስፒታል ሲደርሱ ግን የልጁ ልብ ቆሟል። ወንድ ነበር። እሷ ተረፈች። ከአልጋ ስትነሣ በግራ ዓይኗ የምታየው ሁሉ እንደ ጭጋግ ሆኖባት፣ ለልብስ ሰፊ እጅግ ቀላል የሆነውን ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አቃታት።

መምህሩ ሚስቱን ወደ እናቷ ቤት ወስዶ፣ ልጁን ቀብሮ፣ ከዕዝኑ በኋላ ወደ ትምህርቱ መጣ። መታወቂያው የዩኒቨርሲቲው በር ላይ አልሠራለት ሲል ወደ ተማሪዎች አገልግሎት ቢሮ ላኩት። ኃላፊዋ ድካም የማይለቃቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉት ሴት ናቸው። ኮምፒውተሩን አይተው «ተመላሽ ይጠበቅብዎታል» አሉት።

«አዎ፣ ተመላሽ ነኝ። ዛሬ ነው የመጣሁት» አለ።

ኃላፊዋ ቀና ብለው አዩት። «ሰውየው አይደለም፤ ገንዘቡ ነው።»

ከዚያ ቀስ ብለው አስረዱት። እርዳታው የሚሰጠው ለተማሩበት ጊዜ ነው። በመንፈቁ መካከል ችግር የገጠመው ተማሪ ከመሄዱ በፊት ካሳወቀ ፈቃድ ይጻፍለታል፤ ቦታው ይጠበቅለታል፤ በእጁ የገባውንም አይጠየቅም። ሳይናገር የጠፋ ግን በገዛ ፈቃዱ ትምህርቱን እንደተወ ይቆጠራል፤ የወሰደውን እስኪመልስም አይመዘገብም። መምህሩ ተመላሽ የምትለዋ ቃል ሁለት ፊት እንዳላት ያን ቀን ገባው።

«ለመሆኑ ምን ገጥሞዎት ነው?» አሉት፤ እንደ ቢሮ ሰው ሳይሆን እንደ ሰው።

የሰውነቱ አቅም አልቆ ነበርና ተናገረ። በሕይወቱ ለባዕድ ሰው ስለ ቤቱ ሲናገር የመጀመሪያው ነው። ኃላፊዋ እስኪጨርስ አላቋረጡትም። ሲጨርስ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«የድኅረ ምረቃ ተማሪ የትዳር ጓደኛ እኮ በእኛ ሆስፒታል ያለ ክፍያ ትታከማለች» አሉ። «አምቡላንሱንም እኛ ነበርን የምንልከው። አንድ ስልክ ይበቃ ነበር።» ጥቂት ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማስታወቂያውን ሰው እንዳይገባው አድርገን የጻፍነው እኛ ነን፤ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም» አሉት። ሊያጽናኑት ነበር። አላጽናናውም።

በአውቶቡስ ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱን ሙሉ ከራሱ ጋር ተከራከረ። ይህን ለሚስቱ ካልነገራት ማንም አይነግራትም። ሐኪሙ ከተማዋን ለቆ ሄዷል፤ ኃላፊዋ አያውቋትም። እሷ እንደሆነ የመጣውን ከፈጣሪ ብላ ተቀብላዋለች። ለምን አቆስላታለሁ አለ። ከአውቶቡሱ እስኪወርድም ዝም ሊል ወስኖ ነበር።

ሚስቱ ሱቋ ውስጥ አንዱን ዓይኗን ጨፍና ክር ለማስገባት ስትታገል አገኛት። ክሩ አልገባ ብሏት ጫፉን በምላሷ ስታረጥብ ሲያይ ውሳኔውን ተወው። ከደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ነገራት፤ ቢሮውን፣ ሆስፒታሉን፣ የሐኪሙን ምክር፣ ራሱ የዋሸውን።

ስለ ዕዳው አንድም ነገር አልጠየቀችውም።

«ሐኪሙ ትሂድ ብሎ ነበር?»

«ብሎ ነበር።»

«አንተ እረፍት ነው አልከኝ።»

«አልኩሽ።»

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችው። «እኔ መባሴን አውቄው ነበር። ነርሷን 'ወደ ትልቁ ሆስፒታል ውሰዱኝ' ልላት አፌ ላይ ደርሶ፣ ሐኪሙ ደህና ነሽ ካለ ብዬ ተውኩት። ብትነግረኝ ኖሮ እኔ አላፍርም ነበር። ራሴ ለዩኒቨርሲቲህ ደውዬ እለምናቸው ነበር።»

ጨርቁን አጥፋ ወደ ጎን አደረገችው።

እንግዲህ አንባቢ፣ በሆድ መያዝን ጨዋነት ነው ብለው ካሳደጉህ፣ ይህን ታሪክ ለምን ብዬ እንዳመጣሁት ይገባሃል። የምትማርበት ቤት ምን ደንብ፣ ምን አገልግሎት እንዳለው ሳይቸግርህ ጠይቅ፤ ያልገባህን ቃል በቀልድ አትለፈው። ደንብ የምትጽፉም፣ የደከመና የደነገጠ ሰው አንብቦት እንዲገባው አድርጋችሁ ጻፉት። ከሁሉ በላይ ግን በችግሩ ውስጥ አብሮህ ያለውን ሰው ላሳርፈው ብለህ አትዋሸው። የሚሞተው የእሱም ልጅ ነው።

ሚስቱ ክሩን ጠቅልላ ስታበቃ፣ «አሁን ተነሥና ለእናቴ ንገራት» አለችው። «'እኔ ቀደም ብዬ ብደርስላት ኖሮ' እያለች ራሷን ስትወቅስ ነው የከረመችው። እኔ አልነግርልህም።»

መምህሩ ተነሣ። የአማቱ ቤት በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ አሮጊቷ ጓዳ ሆነው ኮቴውን ለዩት። «ግባ ልጄ፣ ደህና ነህ?» አሉት።

«ደህና አይደለሁም፣ እማማ» አለና ገባ።