በባቡሩ ፊልም ሰዓት

መምህር አለባቸው ቢሯቸው ወለል ላይ በአፍጢማቸው ተደፍተው ተገኙ። የኋላ ራሳቸውን የፈነከተው የካሜራ ማቆሚያ ብረት አጠገባቸው ወድቋል። ከግድግዳው ባሻገር፣ በጨለማው አዳራሽ፣ ለሲኒማ ታሪክ ተማሪዎቻቸው ከፍተውላቸው የወጡት የባቡር ፊልም ገና ማለቁ ነበር።

ኢንስፔክተር ሙሉእመቤት የዲላን ዝናብ በባጃጅ ሰንጥቃ ስትደርስ፣ የኮሌጁ ዲን ተክለጻድቅ ወንጀለኛውን እንደ ምሳ አዘጋጅቶ ጠበቃት። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ የጥበቃውን የገሪማን እጆች በካቴና አስሯል። ዲኑ እንዳስረዳው ዝናቡ ሌሎቹን ስላስቀረ በግቢው የነበሩት ጥቂት ናቸው፤ እሱ ራሱ ከተማ ስብሰባ ላይ ነበር፤ ሁለት ተማሪዎችና ረዳት መምህሩ ፊልም ሲያዩ ውጭ የቀረው ገሪማ ብቻ ነው።

«ያልተማረ ሰው ምን አይሠራም?» አለ ዲኑ።

ሙሉእመቤት የተማረውን ሰው ከእግር እስከ ራሱ አየችውና ወደ ገሪማ ዞረች።

«ዝናብ ሲመጣ ግቢው በር ጋ ተጠለልኩ» አላት ገሪማ። «ከዚያ ቢሮው አይታይም። ጪጩ መንደር ያለውን ልጄን ማንበብ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። እንዴት እገድላለሁ?»

ካልተፈታ ማታውኑ ወደ እስር ቤት መወሰዱ ነው። እሷም ጊዜ አላባከነችም። የሟቹን ኮት ስትፈትሽ ከኪሱ ተጠቅልሎ የተቀመጠ የኤሌክትሪክ ገመድ አገኘች። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ባዶ ፖስታ አለ፤ ላዩ ላይ «ለዲን ጽሕፈት ቤት» ተብሎ ተጽፏል።

ረዳት መምህሩ እንድርያስ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ፣ ቦርሳውን ታቅፎ ቀረበ። ስለ ሞንታዥ፣ ስለ ፊልም ምስሎች ቅንብር፣ ሳይጠየቅ ብዙ አወራ።

«ይህ ጥበብ ነው፣ እህቴ። ለፖሊስ ማስረዳት ይከብዳል።»

«እንደ ምንም ሞክር እንጂ። የት ነበርክ?»

«ከኋላ ወንበር፣ ብቻዬን። ባቡሩ ጣቢያው ሲገባ ያንን ፉጨት ብትሰሚው! ዳይሬክተሩ ሞትን በድምፅ ነው የሣለው። እኔ ዛሬም ደነገጥኩ።»

ቃል በቃል ጽፋ አመሰገነችው። ማመስገኗ ሳያኮራው አልቀረም።

ተማሪዎቹ ሱፍያንና ሳሮን ከፊት ወንበር ጎን ለጎን ነበሩ። ሱፍያን ጠዋት የሰማውን ነገራት፤ ሳሮን ደብተሯን ሰጠቻት። ገጹ ለሁለት ተከፍሏል። በ«ምስል» ሥር ደቂቃ በደቂቃ ተጽፏል፤ «ድምፅ» የተባለው ግን ነጭ ነው። ስለ ባዶው ግማሽ ሳሮንን ጠይቃ መልሱን ከሰማች በኋላ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች።

«መምህር አለባቸው ደንብ ነበራቸው» ስትል ጀመረች። «ማንኛውንም ፊልም በመጀመሪያው ቀን ያለ ድምፅ ያሳያሉ፤ ተማሪው በጆሮው ሳይሆን በዓይኑ እንዲያይ። ድምፁ የሚሰማው በማግስቱ ነው። ማንም እንዳያጭበረብር የድምፅ ማጉያውን ገመድ ነቅለው በኪሳቸው ይዘው ይወጣሉ። ዛሬም ኪሳቸው ውስጥ አገኘሁት። እዚህ ክፍል ውስጥ የተሰማው ዝናቡ ብቻ ነው። ሳሮን የነገረችኝ ይህንን ነው፤ ልክ ናት?»

«ልክ ናት» አለ ሱፍያን። «ፉጨት የሚባል የለም።»

«እንድርያስ ግን ደንግጧል። የፊልሙን ወሬ ከኢንተርኔት አንብቦ ነው የደነገጠው። እዚሁ እያስተማረ አንድ ቀን እንኳ የእሳቸው ክፍል ገብቶ ቢያይ ኖሮ ደንቡን ያውቅ ነበር።»

«ተሳስቼ ይሆናል» አለ እንድርያስ፤ «ከሌላ ጊዜ ጋር ተምታቶብኝ።»

«ይሁን። ጠዋት መምህሩ ለተማሪዎቻቸው፣ አንድ መምህር ያላየውን ፊልም ከሰው ጽሑፍ እየገለበጠ ያስተምራል፣ ዛሬ ለዲኑ አሳውቃለሁ ብለዋቸዋል። ፖስታው አለ፤ ውስጡ ያለው ደብዳቤ የለም። ገሪማ የማንን ደብዳቤ ይሰርቃል? ቦርሳህን ክፈት።»

እንድርያስ አልከፈተም። ፖሊሱ ከፈተው። ደብዳቤው ጫፉ ላይ ደም ነክቶት ከሻይ ብስኩት ሥር ተወሽቆ ተገኘ። የእንድርያስ ስም የተጻፈው በመጀመሪያው መስመር ላይ ነበር።

«ከሥራ እንዳያባርሩኝ ለመንኳቸው» አለ እንድርያስ ቀስ ብሎ። «መጀመሪያ ፊልሙን ከልብህ እየው፤ ከዚያ ና፣ አብረን እንወያይበት አሉኝ።»

«አንድ ሰዓት ተኩል ተቀምጦ ማየት ከበደህና ሰው ገደልክ» አለች ሙሉእመቤት። ካቴናው ከገሪማ እጅ ወደ እሱ እጅ ተላለፈ።

ዲኑ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በል ገሪማ፣ ስህተት ነው፤ አሁን ወደ በሩ ተመለስ።»

«በሩን ዛሬ እርስዎ ይጠብቁ» አለው ገሪማ፤ ካፖርቱንም አውልቆ መምህሩን ሊያለብሳቸው ወደ ቢሮው ገባ።