የኒቆዲሞስ ምላስ

ኒቆዲሞስ ፈላና በር አጠገብ በተከራየው ክፍል ውስጥ በጀርባው ተዘርግቷል። አፉ እንደተከፈተ ቀርቷል፤ ምላሱ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ከጎኑ የተንጣለለውን ቢጫ ትውከት ዝንብ ወሮታል። የማንጎና የተባይ መድኃኒት ሽታ ተቀላቅሎ ክፍሉን ሞልቶታል።

ኢንስፔክተር ሮማነወርቅ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው ጎንበስ አሉ።

ሟቹ የአንድ ፊልም ጭራቆች የሚናገሩትን አዲስ ቋንቋ ይፈጥር ነበር፤ ድምፆቹን ሲመርጥ የራሱንና የጎረቤቶቹን ምላስ በከሰል ቅባት ይቀባል። ቅባቱን የምትለውሰው ረዳቱ ሜሮን ናት። ፖሊሶች በዚህ ብቻ ጠርጥረው በካቴና አስረዋታል። እንዲህ ያለች ለጋ ልጅ፣ እህል ሳትቀምስ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች።

«ቅባቱ ለምንድን ነው?» አሏት ኢንስፔክተሯ።

«ላንቃን ለማየት ነው፣ እትዬ። ሰውየው ድምፁን ሲያወጣ ምላሱ የነካው ቦታ ይጠቁራል። እሱን በመስታወት ፎቶ እናነሳለን። ድምፁ የት እንደሚፈጠር የምናውቀው በዚያ ነው።»

የቤቱ ባለቤት ሂክማ ጣልቃ ገቡ። «እኔንም ቀብቶኛል፣ ወላሂ። ጥርሴ ላንቃዬ ጠቁሮ እስከ መግሪብ ሶላት ስተፋ ዋልኩ።»

«ትናንት ማን መጣ?»

«ጌታቸው፣ የፊልሙ አዘጋጅ። ከፈረስ መጋላ ገበያ የማንጎ ጭማቂ ይዞ። ኒቆዲሞስ ‹የጎረቤቶቼን የጉሮሮ ድምፅ ለጭራቅ አልሰጥም፤ ሥራህን ትቻለሁ› ሲለው ሰምቻለሁ። ሰውየው ሲወጣ ብርጭቆ አጥቦ ሄደ። ስኒ እንኳ አንስቶ አያውቅም እኮ።»

ጌታቸው ተጠርቶ መጣ።

«ቅባቱ ለምን ነበር?»

«የምላስ ቅርጽ ፎቶ ለማንሳት መሰለኝ። እኔ ያስጠላኛል፤ መቀባት ሲጀምሩ ወጥቼ ነው የምቆመው። መርዙ እዚያው ቅባት ውስጥ ነው። የለወሰችውን ይጠይቁ።»

ኢንስፔክተሯ ሦስቱንም ሬሳው ዘንድ አቆሟቸው።

«መርዙ ቅባቱ ውስጥ ቢሆን ይህ ትውከት ጥቁር ይቀላቀልበት ነበር። ቢጫ ብቻ ነው። ስለዚህ ምላሱ የተቀባው ካስመለሰ በኋላ ነው።» የእጅ ባትሪያቸውን ወደ አፉ አበሩ። «ላንቃውን እዩት፤ ጥቁረት አልነካውም፣ የሕፃን ይመስላል። በሕይወት ያለ ሰው ተቀብቶ አንዴ ምራቁን ቢውጥ እንኳ ይጠቁር ነበር። የተቀባው ሬሳ ነው።»

ሂክማ «አስተግፊሩላህ» አሉና ፊታቸውን ሸፈኑ።

«ሜሮን ይህን ታውቃለች። ሂክማም በአፋቸው ቀምሰውታል። ከሁለቱ ማናቸውም ሰው ለማሳሳት ቢፈልጉ ላንቃውን አይረሱም። የረሳው ሥራውን እስከ መጨረሻው አይቶ የማያውቅ ነው። ጭማቂውን ያመጣኸው አንተ፣ ብርጭቆውን ያጠብከው አንተ። ከዚያ በዚህች ልጅ ላይ ልታላክክ የሙት ምላስ ቀባህ።»

ጌታቸው ዓይኑን ከሬሳው አሸሸ። «ሥራውን ቢያቋርጥ ፊልሙ ይቀር ነበር» አለ።

«የሕያው ሰው ምላስ ሲቀባ ማየት የሚያስጠላህ ሰውዬ» አሉት ሂክማ፣ «ሬሳውን ስትቀባ አልተጸየፍክም?»



ኢንስፔክተር ሮማነወርቅ የሜሮንን እጅ ፈቱ፤ የተላጠ አንጓዋን በእርጋታ አሻሹላት። «ቤትሽ ግቢ ልጄ፣ እህል ቅመሺ» አሏት። ጌታቸው እጆቹን ዘረጋ። እሳቸው ግን ሊነኩት አልፈለጉም፤ ካቴናውን እግሩ ሥር ጣል አደረጉለት።

«ራስህ ቆልፈው» አሉት።