በግንቦት የበራ ማሞቂያ

በ2006 ዓ.ም. ግንቦት በባተ በመጀመሪያው ዓርብ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሪያድ ፉጣ ሰፈር ካለ አሮጌ ፎቅ የፍቅርተ ጩኸት ተሰማ። ሀጅራ በዚያን ሰዓት ጣሪያው ላይ፣ ከውሃ ሮቶው አጠገብ፣ ልብስ ታሰጣ ነበር። ዓባያዋን ደረበችና በባዶ እግሯ ደረጃውን ወረደች።

መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ አራት ሰዎች ቆመዋል። ውስጥ ሰማው ሽርጡን እንዳገለደመ እርጥቡ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ሰማው በዚያ ቤት አራት ዓመት የኖረ፣ ሲሚንቶ ሲሸከም ውሎ ማታ ዝም ብሎ የሚተኛ፣ ለማንም ክፉ ያልወጣው ሰው ነበር።

ቤቱን ተከራይቶ አልጋ አልጋውን የሚያከራየው ሞላ፣ የመብራት ሠራተኛውን እንግዳን ኮሌታውን አንቆ ግድግዳ ላይ አጣብቆታል። የእንግዳ ከንፈር ይደማ ነበር።

«ገደልከው! ሰኻኑን የጠገንከው አንተ አይደለህም? ኤሌክትሪክ ነው የገደለው!»

ሰኻን የሚሉት የውሃ ማሞቂያውን ነው። ጥር ላይ የሞላን ሚስት ፍቅርተን ነዝሯት እንግዳ ጠግኖት ነበር። አሁን ከበሩ ውጭ ያለችው ማብሪያ ቀይ መብራቷ ቦግ ብሎ ይታያል።

«ወላሂ፣ በደንብ ነው የሠራሁት» አለ እንግዳ፣ ክርስቲያንነቱን ረስቶ።

የፎቁ ጠባቂ፣ ሽማግሌው የመናዊ፣ ጩኸቱን ሰምቶ መጥቶ ሬሳውን አይቷል። ሁሉንም ትቶ ከጸጋዬ ጋር ብቻ በዓረብኛ ተነጋገረ። ጸጋዬ ከከተማው ዳር፣ ሱለይ በሚባል ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚጭን፣ ረጅም፣ ጨዋ መሳይ ሰው ነው። የሽማግሌውን ቃል ዞሮ ተረጎመላቸው።

«ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ ለሹርጣ ይደውላል፤ ፖሊስ ይመጣል። ወረቀት የሌለው እስከዚያ መንገዱን ይፈልግ ብሏል።»

ወረቀትማ ማን አለው? ካለፈው ኅዳር አፈሳ የተረፉት በተአምር ነው። ሞላ ለመወሰን ጊዜ አልፈጀበትም።

«እንግዳ ከሬሳው ጋር ይቀራል። አንድ ሰው ካገኙ ሌሎቻችንን አይከተሉም። ኸላስ!»

ሀጅራ ይህን ስትሰማ በመካከላቸው ገብታ ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። አርባ አምስት ዓመቷ ነው፤ የከሚሴ ሴት ናት። የሪያድን ቤቶች ስትጠርግ አሥራ አንድ ዓመቷ፣ ከአሠሪዋ ቤት ከጠፋች ሦስት ዓመቷ። ምላሷ ስለታም ነው፤ ዓይኗ ደግሞ ከምላሷ ይብሳል። እዚያ ቤት የሚወዳት ሰው አልነበረም፤ እሷም ይህንን ታውቃለች፤ እንቅልፍ ግን አልነሳትም።

«አንቺን ማን ጠራሽ?» አለ ሞላ። «የሰው ቤት ጠራጊ፣ ሂጂ ጣሪያሽ ላይ ውጪ!»

«ጠራጊ ነኝ። ሥራዬ ቆሻሻ ማየት ነው። እስቲ ልየው።»

የሰማውን ጭንቅላት ቀስ አድርጋ አቀናች። ማጅራቱ ላይ ፀጉሩን ለሁለት የከፈለ ስንጥቅ አለ። ግንባሩ ደህና ነው። መዳፎቹን ገልብጣ አየች፤ አንድም የተቃጠለ ቦታ የላቸውም። ከዚያ ተነሥታ እጇን ውሃ ውስጥ ነከረችና፣ ፍቅርተ «ኧረ በማርያም!» ብላ እስክትጮህ ድረስ፣ በእርጥብ እጇ የማሞቂያውን ቧንቧ ጨበጠች። ማብሪያው እንደበራ ነው። እስከ አሥር ቆጥራ ለቀቀችው።

«አልነዘረኝም» አለች። «የእንግዳ ሥራ ደህና ነው። በግንባሩ የተደፋ ሰው ደግሞ ማጅራቱን አይፈነከትም። ሰማውን የገደለው ኤሌክትሪክ አይደለም፤ ከእናንተ አንዱ ነው።»

ሞላ የእንግዳን ኮሌታ ለቀቀ።

«ሶላት እስኪያልቅ ሁለት ሰዓት ይቀራል» አለች። «አንድ በአንድ ወጥ ቤት ኑልኝ። እምቢ ያለ ወንጀለኛ ነኝ እንዳለ እቆጥረዋለሁ።»

እየጠሏትም ቢሆን ተራ በተራ ገቡ። የወጥ ቤቱ ማጠቢያ በትላንትና ሳህን ተሞልቷል። የዚያን ክፍል ውሃ የሚያሞቀው ሌላ ትንሽ ሰኻን ነው፤ እሱ ጠፍቷል። ሀጅራ ዱካ ላይ ተቀምጣ እጇን ዘረጋች።

«እስቲ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሺልኝ፤ ሬሳ ነክቻለሁ» አለቻት ፍቅርተን።

ፍቅርተ ቀይ ምልክት ያለውን ቧንቧ ከፍታ በጣሳ ቀዳች።

«ማን ጠላት አለው? አንድም የለው» አለች። «ረቡዕ ግን ከየመን ድንበር፣ ከጂዛን፣ ተደወለለት። ታናሽ ወንድሙ ጥቅምት ላይ የመን፣ አጋቾች ግቢ ውስጥ፣ ተደብድቦ እንደሞተ ነገሩት። የደበደበው የእኛው አገር ሰው ነው አሉት፤ ለአጋቾቹ አስተርጓሚ የሆነ። ትላንት እራት ላይ ሁላችንንም በየት በኩል ነው የመጣችሁት እያለ ጠየቀን።»

«ምን አላችሁት?»

«እኔና ሞላ በአውሮፕላን። ጸጋዬም በአውሮፕላን ነኝ አለ፤ ስድስት ዓመቴ ነው አለ። በየመን የመጣ እንግዳ ብቻ ነው።»

ሀጅራ ዓይኗ ማጠቢያው ላይ አረፈ። በደረቀ ወጥ ከተለበጡት ሳህኖች ጎን የብረት ዘነዘናው ጥርት ብሎ ታጥቦ ተቀምጧል።

«ይህንን ያጠብሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ? ትላንት በርበሬ እንደወቀጥኩበት ነው የተውኩት።»

ሞላ ቀጥሎ ገባ። ውሃ ስትለው «ሎሌሽ ነኝ?» እያለም ቢሆን ቀዩን ቧንቧ በቁጣ ጠምዝዞ ጣሳውን ሞላላት። ስምንት ዓመት ሪያድ ኖሯል።

«ምን ታደክሚናለሽ? በየመን የመጣው እንግዳ ነው። ሰማው ነቃበት፤ ገደለው። አለቀ።»

«እንግዳ የመጣው መቼ ነው?»

«እ... አራት ዓመቱ።»

«የሰማው ወንድም የሞተው ደግሞ ባለፈው ጥቅምት። በጥቅምት እንግዳ የት ነበር?»

ጥቅምትን ሙሉ እንግዳ እዚሁ ቤት ታሞ ተኝቶ፣ ፍቅርተ ሾርባ ስታጠጣው ነበር።

እንግዳ ሲገባ እሱም ሳይጠራጠር ቀዩን ከፈተ። ከንፈሩን ጠርጎ «እትዬ ሀጅራ፣ ያን ሰኻን ሰኞ ዕለት በእጄ አጥፍቼው ነበር፤ ሙቀቱ ስለገባ» አለ።

«ይህን ለማን ነገርክ?»

«ማንን እነግራለሁ? ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው።»

መጨረሻ ጸጋዬ ገባ። «እህቴ፣ ደከመሽ እኮ» አለና ሳይጠየቅ እጅጌውን ሰበሰበ። ሰማያዊ ምልክት ያለውን ቧንቧ ከፈተ። ውሃው ጣቱን ሲለበልበው እጁን ሳብ አደረገ።

«ትንሽ ይፍሰስ፤ ይቀዘቅዛል።»

ሀጅራ ጠበቀችው። ውሃው ፈሰሰ፤ ጭራሽ እንፋሎት አወጣ።

«ተወው» አለችው ረጋ ብላ። «ሱለይ ስንት ሰዓት ነው የምትሄደው?»

«ጎህ ሳይቀድ። ገላዬንም እዚያው ታጥቤ ነው የምመለሰው። እዚህ ቤት የምውለው ዓርብ ብቻ ነው።»

«ወደዚህ ቤት የገባኸው መቼ ነበር?»

«ታኅሣሥ። ከዚያ በፊት ሱለይ ነበርኩ። ስድስት ዓመት! ሪያድን እንደ ጓዳዬ ነው የማውቃት።»

ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ስብከቱ ሲጀመር ሀጅራ ሁሉንም መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ሰበሰበቻቸው። ሰማውን አንሶላ አልብሳዋለች። እንግዳን በሩ አጠገብ አቆመችው።

«ዘነዘናው ታጥቧል» ብላ ጀመረች። «በዚህ ቤት ሳህን ሳይታጠብ ዘነዘና የሚታጠብ ደም ነክቶት እንደሆነ ብቻ ነው። ሰማው ሊታጠብ ጎንበስ ሲል ከኋላው መቱት። ገዳዩ ከዚያ ምን አደረገ? ሰኻኑ ጥር ላይ ፍቅርተን እንደነዘረ አስታወሰ። ማብሪያውን አበራ፤ ኤሌክትሪክ ገደለው እንድንል።»

«እንግዳ ነዋ ያበራው!» አለ ጸጋዬ።

«ሰው ገድሎ በገዛ ሥራው የሚያመካኝ ሞኝ የት አለ? ይልቅ ስሙኝ። ሪያድ አንድ በጋ ያሳለፈ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ሙቀት ሲገባ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ይፈላል። ሰማያዊው ቧንቧ ውሃውን በቀጥታ ከዚያ ስለሚያመጣ ይለበልባል፤ ባፈሰስከው ቁጥር ይብሳል። ሰኻኑ ግን ቤት ውስጥ፣ ጥላ ላይ ነው ያለው። አጥፍተኸው ቀዩን ስትከፍት የተጠራቀመው ቀዝቃዛ ውሃ ይመጣልሃል። ስለዚህ በግንቦት ሰኻን የሚያበራ የለም። ሰማውም አያበራውም፤ አራት በጋ አሳልፏል።»

ፍቅርተ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ገብቷታል።

«ሁላችሁንም ቀዝቃዛ ውሃ ጠየቅኳችሁ» አለች ሀጅራ። «ፍቅርተ ቀዩን ከፈተች። ሞላ እየሰደበኝም ቀዩን ከፈተ። እንግዳም ቀዩን። አንተ ብቻ ጸጋዬ፣ ሰማያዊውን ከፍተህ 'ትንሽ ይፍሰስ፤ ይቀዘቅዛል' አልከኝ። ስድስት ዓመት የኖረ ሰው እንዲህ አይልም። አንተ ሪያድ የገባኸው በታኅሣሥ ብርድ ነው፤ ሰኻን ሌት ተቀን በሚበራበት ወቅት። ከዚያ በፊት የት ነበርክ? ሽማግሌው ጠባቂ ከሁላችን መርጦ ከአንተ ጋር ብቻ የሚያወጋው ለምን ይመስላችኋል? ዓረብኛህ የእሱ አገር ዓረብኛ ስለሆነ ነው። የመን ነበርክ። አስተርጓሚው አንተ ነህ፤ ሰማው ሳይደርስብህ ቀደምከው።»

ጸጋዬ ወደ ደረጃው ዘለለ። ሞላ ግን የደረጃውን በር በትከሻው ዘጋው፤ ያ ሁሉ ቁጣው መውደቂያ አገኘ። ከእንግዳ ጋር ሆነው መሬት ላይ ጣሉትና እጆቹን በኤሌክትሪክ ሽቦ የኋሊት አሰሩት።

«እኔም ታግቼ ነበር!» ብሎ ጮኸ ጸጋዬ፣ ጉንጩ ወለሉ ላይ ተጣብቆ። «ካልደበደብኩ እኔን ይደበድቡኝ ነበር! ወንድሙን ልገድለው አልፈለግኩም!»

ሀጅራ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። አዘነችለት፤ እውነትም አዘነችለት፤ ማዘኗም አናደዳት።

«ያኔስ አስገድደውህ ይሆናል» አለችው። «ዛሬ ጠዋት ማን አስገደደህ?»

ጸጋዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ስብከቱ አልቆ ሶላቱ ተጀመረ። ሞላ ሚስቱን በአንድ እጁ፣ ፌስታሉን በሌላው ይዞ ከኋላ ደረጃው ጫፍ ተጣራ። «ሀጅራ! ያላ፣ ውጪ እንጂ! ታስሮ ያገኙታል!»

«ሁለት ሐበሻ ያገኛሉ» አለችው። «አንዱ የታሰረ፣ ሌላው ከንፈሩ የደማ፤ ቢሸሽም ገዳዩ እሱ ነው ይባላል። የጸጋዬ ዓረብኛ ቅቤ ነው፤ እንግዳ ግን ከባጥሐ ገበያ ያለፈ ቃል አያውቅም። የቱ ገዳይ እንደሆነ ማን ይነግራቸዋል?»

«አሻራ አንሥተው ተርሂል ነው የሚከቱሽ፣ ከዚያ ወደ አገርሽ! ዳግመኛ እዚህ አገር አትገቢም! ያቺ ልጅሽስ?»

ልጇ ደሴ ነርስነት ለመመረቅ አንድ ዓመት ቀርቷታል። የምታስተምራት የሀጅራ መጥረጊያ ናት። ሀጅራ ይህንን ከሞላ መስማት አያስፈልጋትም ነበር። እንግዳ በበኩሉ ግድግዳውን ተደግፎ፣ እንደ ልጅ እያለቀሰ፣ «ሂጂ እትዬ፣ ለእኔ ብለሽ...» ይላል።

«ዝም በል አንተ» አለችው። «ላንተ ብዬ አይደለም። እኔ የጀመርኩትን ቤት ሳልጨርስ ወጥቼ አላውቅም።»

ሞላ አንድ ጊዜ ከእግር እስከ ራሷ አያት። ሊሰድባት ይሁን ሊመርቃት ሳይለይለት፣ ፍቅርተን እየጎተተ ወረደ።

ሁለት ፖሊሶች ሲገቡ ሀጅራ ዓባያዋን አስተካክላ ማብሪያዋ ሥር ቆማ ነበር። የታሰረው ጸጋዬ ወዲያው በዚያ ባማረ ዓረብኛው መጮህ ጀመረ፤ ገዳዩ ያ ነው፣ አሰሩኝ፣ አለ። ወጣቱ ፖሊስ ፊቱን ወደ እንግዳ አዞረና እጁን ወደ ካቴናው ላከ።

ሀጅራ አንድ እርምጃ ወደፊት ራመደችና በመካከል ቆመች።

«ኢቃማሽ?» ብሎ የመኖሪያ ፈቃዷን ጠየቃት ፖሊሱ።

«የለኝም» አለችው በዓረብኛ፣ አሥራ አንድ ዓመት በሰው ጓዳ በተማረችው ዓረብኛ። «አሻራዬን ታነሣለህ፤ አልሸሽም። መጀመሪያ ግን ይህቺን ማብሪያ እይልኝ፤ ያበራት ይህ የታሰረው ነው፣ የሪያድን በጋ ገና ያላየ። ልጄ፣ እናትህ ቤት በዚህ ሙቀት ሰኻን ታበራላችሁ?»

ፖሊሱ ቀዩዋን መብራት አየ። ከዚያ ጸጋዬን አየ። እጁን ከካቴናው ላይ ቀስ ብሎ አነሣ።