በቪዲዮ ቤቱ ደጃፍ

ደጊቱ ንፋስ መውጫ ከተማ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ጩኸት ሰምታ ወደ ግቢው ጥግ ብትሮጥ፣ ተማሪዎቿ አንዲት ልጅ እጇን በገመድ አስረው፣ አንደኛው የቆርቆሮ ስባሪ አንገቷ ላይ ደግኖ አገኘቻቸው። የልጅቷ አንገት ይደማል።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«ፊልም እየሠራን ነው ቲቸር» አላት ልጁ፤ ፊቱ ላይ የጥፋተኛ መልክ እንኳ የለም።

የት እንዳዩት ስትጠይቃቸው፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለውን ቪዲዮ ቤት ነገሯት። ከሰዓት በኋላ እዚያው ሄደች። ከፀሐይ ወደ ጨለማ ስትገባ ዓይኗ አላይ አለ። አግዳሚ ወንበር አደናቅፏት ልትወድቅ ስትል አንድ እጅ ክንዷን ያዛት።

«ቀስ በይ እህቴ፣ ቦታ ሞልቷል።»

«ቦታ ፈልጌ አልመጣሁም! መብራቱን አብራ!»

መብራቱ በራ። ፊት ለፊት ሕፃናት አፋቸውን ከፍተው ተደርድረዋል። ክንዷን የያዘው ወጣት መሐሪ ይባላል። አባቱ በልጅነቱ ሞቶበት፣ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት አጎቱ አቶ ይሁኔ ናቸው ያሳደጉት። ደጊቱ የልጅቷን አንገት ጠቅሳ የመጣላትን ሁሉ አወረደችበት። መሐሪ ልጆቹን አየ፣ እሷን አየ፣ ዓይኑን ሰበረ። ለጠብ ተዘጋጅታ የሄደችው ሴት ይበልጥ ተናደደች።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። «ልጅቷ እንዴት ሆነች?» አላት።

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ደጊቱ ከሥራ ስትወጣ መሐሪን መንገድ ላይ ማግኘት ለመደች፤ በቀረ ቀን ደግሞ መንገዱ ይረዝምባታል።

ሕፃናት ቪዲዮ ቤት እንዳይገቡ የጀመረችው ዘመቻ ግን ወዴትም አልሄደም። የወረዳው ቢሮ ስትሄድ «መመሪያ አልወረደልንም» ይሏታል። ስትመለስ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»፣ ደግማ ስትመለስ «ከበዓል በኋላ»። የወላጆች ስብሰባ ብትጠራ ወንበሩ ባዶውን ዋለ። ከመጡት ጥቂቶች አንዷ እናት ተነስታ፣ «እኔ ገበያ ስውል ልጄን የት ላኑረው? እዚያ ከተቀመጠ ቢያንስ መኪና አይገጨውም» አለቻት። ደጊቱን ከሁሉም ያንገበገባት እናትየዋ እውነቷን መሆኑ ነው።

«ስትቆጪ ታምሪያለሽ» አላት መሐሪ የዚያን ዕለት፣ በብርዱ ጋቢውን ትከሻዋ ላይ እየጣለ።

«እኔን ግን መቆጣቱ ሰለቸኝ» አለችው። ጋቢውን ሳታወልቅ እስከ ቤቷ ጎን ለጎን ሄዱ።

መሐሪ ሊያገባት ቆርጦ ሽማግሌ እንዲልኩለት አጎቱን ለመነ። አቶ ይሁኔ ግን፣ «እንጀራዬን ልትዘጋ ለምትሮጥ ሴት? መጀመሪያ ነገሯን ትተው!» አሉት። ይህንኑ ይዞላት መጣ።

«እስከ ሠርጋችን ብቻ ዝም በይ» አላት። «ከዚያ ትቀጥያለሽ።»

ደጊቱ ቀጥ ብላ ቆመች። «አንተም?»

«አሳዳጊዬ ናቸው እኮ ደጊቱ። ምን ላድርግ?»

«እኔ ለሠርጌ ብዬ ዝም ስል፣ ቀጥሎ የሚደማው የማን ልጅ አንገት ነው?»

መሐሪ ከአጎቱና ከእሷ አንዱን መምረጥ አቃተው። ሳይሰናበታት መካነ ኢየሱስ ወደሚባለው ከተማ ሄዶ አንድ ጓደኛው ሱቅ ውስጥ ስልክ መጠገን ጀመረ። ደጊቱ በቢሮው ተናደደች፣ በእሱ ተናደደች፤ በመናኸሪያው ባለፈች ቁጥር ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሰው እየቃኘች በራሷም ተናደደች።

ወራት አልፈው ከቢሮው ትእዛዝ ወጣ። ሕፃን ወደ ቪዲዮ ቤት እንዳይገባ የሚል ወረቀት በአቶ ይሁኔ በር ላይ ተለጠፈ። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ሄዳ ብታይ ወረቀቱ በመጋረጃ ተሸፍኗል፤ ውስጡ በልጆች ጢም ብሏል። ቢሮ ብትሮጥ፣ «ትእዛዙን አውጥተናል፤ የሚያስከብር ሰው ግን የለንም» አሏት።

ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህር ጨቅጭቃ ለገበያ ቀን አንድ ክፍል አስከፈተች፤ ከዚያ ሄዳ ቪዲዮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመች። የሚመጣውን ልጅ ሁሉ ወደ ክፍሉ ትሰዳለች። ግን በሩ ላይ ስትቆም ክፍሉ ይረበሻል፤ ክፍሉን ልታረጋጋ ስትሄድ ልጆቹ በሌላ በኩል ሹልክ ብለው ቪዲዮ ቤት ይገባሉ። ስንት ገበያ እንዲህ ላይ ታች ስትል ዋለች!

አንድ የገበያ ቀን ትንፋሽ አጥሯት ስትመለስ መሐሪ የመንገድ አቧራ ለብሶ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

«ብቻሽን ላይ ታች እንደምትዪ ሰምቼ መጣሁ። ወደ ልጆቹ ሂጂ» አላት። «በሩን ለእኔ ተይው።»

አቶ ይሁኔ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። «ከደጃፌ ዞር በል!»

«ጋሼ፣ ያሳደጉኝን አልረሳም። ሕፃን ግን እኔ ቆሜ እዚህ አይገባም።»

ከዘራው ከፍ አለ። ሽማግሌው ግን ያሳደጉትን ልጅ ፊት ሲያዩ ከዘራውን አወረዱና ገብተው በሩን በኃይል ዘጉት።

ገበያው ሲበተን ደጊቱ ክፍሉን ቆልፋ መጣች። መሐሪ ነፋሱ ከንፈሩን አድርቆት እዚያው ነበር።

«ከእንግዲህ ሽማግሌ የሚልክልኝ የለም» አላት።

«ሳትሰናበተኝ ነው የሄድከው።»

«አዎ።»

«አልረሳልህም።»

«አትርሺልኝ።»

ጭነት የጫኑ አህዮች በአጠገባቸው አለፉ። ከዚያ እጁን ያዘችው።

«አባቴን ራሴ አናግረዋለሁ» አለችው። «አንተ ግን በሚቀጥለው ገበያ ማልደህ ና። ልጆቹ በጠዋት ነው የሚመጡት።»