የወንጪት ጀልባና የዘመሮዋ መካኒክ

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት ማለቂያ፣ በገበያ ቀን ዘመሮ ከተማ ጀልባ ገባ።

ገበያተኛው በጉንም ገብሱንም ትቶ ወደ መንገዱ ወጣ። በነጭ ፒካፕ መኪና ኋላ፣ ተጎታች ላይ ተጭኖ፣ የብረት ጀልባ በዚያ ብርዳም ደጋ ሲያልፍ ማንም አይቶ አያውቅም። አንድ ሽማግሌ የጥፋት ውኃ ሳይመጣ መርከቡን አስቀደሙት ቢሉ ሰዉ ሳቀ። ሾፌሩ ግን አልሳቀም። ከመኪናው ሥር የተቃጠለ ነገር ይሸተው ነበር።

ሾፌሩ እምሩ ይባላል፤ የመርሐቤቴ ልጅ ነው። የወንጪትን ወንዝ የክረምት ሙላት ለሚለካ የጥናት ቡድን ከተቀጠረ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። የሰጡት መኪና ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው፤ ፍሪሲዮን የለውም፣ ማርሹን ራሱ ይቀያይራል። እምሩ እንዲህ ያለ መኪና ነድቶ አያውቅም። የቡድኑ መሪ ኢንጂነር መኳንንት ደግሞ አስጠንቅቀውታል፤ ካምቢዮው ከተበላሸ ሌላ መኪና የለም፣ የዓመቱ ልኬትም ይቀራል፣ እሱም ሥራውን ያጣል።

ሰዎች ወደ አቶ አባይነህ ጋራዥ መሩት። አቶ አባይነህ የወፍጮ ሞተርና የጭነት መኪና ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ዓይናቸው ስለደከመ በርኖሳቸውን ደርበው በር ላይ ይቀመጣሉ፤ ከመኪና ሥር የምትገባው ልጃቸው ጽናት ናት።

ጽናት ሞተሩን እንዳያጠፋው ነገረችው። የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዘዘችና በነጭ ጨርቅ ጠርጋ አሸተተችው። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ጠቁሯል።

«ዳገት ላይ ስትቆም ፍሬን ትተህ በነዳጅ ነው የምትይዘው፤ አይደለም?»

እምሩ አቀረቀረ። ከጣርማ በር ጀምሮ ያደረገው እሱን ነበር።

ሦስት ቀን ሠራችበት። የተቃጠለውን ዘይት አፍስሳ በአዲስ ተካች፤ ማጣሪያውን አጠበች፤ ከቆመ የጭነት መኪና የነቀለችውን ትንሽ የዘይት ማቀዝቀዣ ከራዲያተሩ ፊት አሰረችለት። ደብረ ብርሃን ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሳለች እንዲህ ያለ ካምቢዮ ጠረጴዛ ላይ ተበትኖ አይታ ነበር፤ የሚሠራ ግን ገጥሟት አያውቅም። እሱ ሲጨነቅ እሷ ለካ በውስጧ ደስ ብሏት ነበር። ይህን የነገረችው ኋላ ነው።

ሲሸኛኙ አንድ በአንድ አስጠናችው። ጀልባው ውስጥ የነዳጅ በርሜልና ሲሚንቶ አይታጨቅ፤ ለመኪናው የሚከብደው እሱ ነው። ዳገት ላይ ካምቢዮው ወዲያ ወዲህ እንዳይዋልል ዝቅተኛውን ማርሽ ያዝለት። ቁልቁለቱንም እንዲሁ፤ ፍሬን ብቻ አትመን። የኋላ ማርሽ ከማስገባትህ በፊት ጨርሶ ይቁም። ከሁሉም በላይ ሲግል አታስገድደው፤ ሞተሩን ሳታጠፋ በባዶ ማርሽ አሳርፈው።

እምሩ እስከ ወንጪት ድረስ ቃሏን እንደ ውዳሴ ማርያም እየደገመው ወረደ።

ክረምቱ ገባ። ሥራ በሌለበት ቀን ጎርፉ እንዳይወስደው ጀልባው ቅዳሜ ቅዳሜ ከገደሉ ወደ ዘመሮ ይወጣል፣ ሰኞ ተመልሶ ይወርዳል። እምሩም ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዡ በር ላይ ይቆማል። ጽናት ከመኪናው ሥር ገብታ በእጇ ጀርባ የካምቢዮውን ሙቀት ትለካለች፤ እሱ ጎንበስ ብሎ መብራት ይይዝላታል። ስለ ዘይት የጀመሩት ወሬ ስለ መርሐቤቴ ማንጎ ይሆናል፣ ስለ ሟች እናቷ ይሆናል።

በሐምሌ አንድ ቅዳሜ ዘይቱን አየችና ጨርቁን አጠፈችው።

«ንጹሕ ነው። ሙቀቱም ደህና ነው» አለችው። «ምን ሆነብህ?»

«መኪናው ምንም አልሆነም።»

ጽናት ቀና ብላ አየችው። ጨርቁንም ደግማ ደጋግማ አጠፈችው።

ሰዉ ስለ ሁለቱ ማውራት ጀመረ፤ ወሬውም አቶ አባይነህ ጆሮ ገባ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጃቸው ሳትኖር እምሩን ጠብቀው ለብቻው አነጋገሩት።

«መኪናህ ከዳነ ቆየ፣ ልጄ» አሉት። «ሾፌር ነህ፤ ሥራህ ሲያልቅ መንገድህን ትይዛለህ። እሷ ግን እዚሁ ናት፤ ወሬውም ከእሷ ጋር ይቀራል። ሁለተኛ እዚህ በር አትቁምብኝ።»

እምሩ እጅ ነሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቅዳሜ ሳይቆም አለፈ። በሁለተኛው ጽናት በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ መኪናውን ስታይ እጇን ብድግ አደረገች። ሲያልፋት እጇ ቀስ ብሎ ሲወርድ በስፖኪዮው አየ። ያን ቀን እህል አልበላም።

በነሐሴ መጨረሻ ወንጪት ባልታሰበ ቀን ሞላ፤ ጀልባው በአስቸኳይ መውጣት ነበረበት። አቶ አባይነህ የቆላ ወፍጮ ምን እንደነካው ድምፁን ሰምተው እንዲለዩ በባለወፍጮው በቅሎ ወርደው፣ ወንዙ ዳር ውለው ነበር። ኢንጂነር መኳንንት አዘኑላቸውና ከኋላ ወንበር አስቀመጧቸው። እምሩ ሰላምታ ሰጥቶ መሪውን ያዘ።

የዳገቱን እኩሌታ አልፈው ሲሄዱ የሙቀት መብራቱ በራ። እምሩ ደልዳላ ቦታ ፈልጎ ቆመ፤ ለጎማዎቹ ድንጋይ አስደግፎ ሞተሩን በባዶ ማርሽ ተወው። ኢንጂነሩ ሰማዩን አዩ። መንገዱ ሳይጨቀይ፣ የቀረውም ጥቂት ስለሆነ እንዲገፋው አዘዙት።

«አሁን ከገፋሁት ጀልባውም እኛም እዚሁ እንቀራለን» አለ እምሩ። «ካሻዎ ያባርሩኝ፤ ሳይበርድ ግን አልነዳውም።»

ዝናቡ ወረደ። ኢንጂነሩ ያጉረመርማሉ። እምሩ ጭነቱ እንዲቀል ከጀልባው የነዳጅ ጄሪካኖቹን እያወረደ በትከሻው ተሸክሞ እስከ ላይኛው መታጠፊያ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። አቶ አባይነህ እምብዛም አያዩም፤ ጆሯቸው ግን የሞተሩን ድምፅና የልጁን እግር ይከተላል። የሙቀት መብራቱ ሲጠፋ እምሩ ዳገቱን በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሳይጣደፍ ወጣው።

«ይህን ማን አስተማረህ?» አሉት አቶ አባይነህ።

«ልጅዎ።»

የዘመሮ ቤቶች ሲታዩ አቶ አባይነህ ወደፊት ጠጋ አሉ።

«እሷ አጠገብህ የለችም። እኔም ከልክዬሃለሁ። ቃሏን ግን አልጣልክም» አሉ። «ጋራዡ በር ላይ አውርደኝ፤ አንተም ውረድ።»

ጽናት ስታየው ጀርባዋን ሰጠችው። አባቷ ጥፋቱ የእሳቸው እንደሆነ፣ የከለከሉት እሳቸው እንደሆኑ ነግረው ወደ ውስጥ ገቡ።

«አንተስ አፍ አልነበረህም?» አለችው።

«አባትሽን አልፌ ልምጣ?»

ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «በአጥር በኩልም ቢሆን ትነግረኝ ነበር» አለች።

በጥቅምት የእምሩ አጎት መምሬ ወልደ ጻድቅ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ጽናትን ለእምሩ ሊጠይቁ ከመርሐቤቴ መጡ። አቶ አባይነህ መልሱን ለራሷ ተዉላት። ጽናት አንገቷን ሳትደፋ ተናገረች፤ አባቷንና ጋራዡን ትታ እንደማትሄድ፣ እሱ ከመጣ ግን ደስታዋ እንደሆነ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ወንድ ወደ ሴት ቤት ሲገባ በአገራቸው እምብዛም አልለመዱም፤ እምሩ ደግሞ ከኢንጂነሩ ጋር ወደ ሌላ ወንዝ፣ ወደተሻለ ሥራ ሊሄድ ነበር። መልእክቱን ፈራ ተባ እያሉ አደረሱለት።

እምሩ ሳቀ። በሳምንቱ ቁልፉን ለአዲሱ ሾፌር አስረከበ፤ ቀኑን ሙሉ አብሮት ውሎ የካምቢዮውን ጠባይ አስለመደው። ለራሱ ከዘመሮ ደብረ ብርሃን እህል የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሥራ አገኘ። ሠርጉን ለጥር ቆረጡ፤ እስከዚያው እምሩ ከጋራዡ ማዶ አንዲት ክፍል ተከራየ።

በኅዳር መጀመሪያ፣ ፀሐይዋ ጠንከር ባለች ቀን፣ አንድ ሻንጣና አንድ ፍራሽ ይዞ ከአውቶቡስ ወረደ። አቶ አባይነህ ኮቴውን ሰምተው ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉለት። ጽናት ከአንድ የወፍጮ ሞተር ላይ ቀና አለች፤ እስከ ክንዷ ዘይት ነክቷታል። ደንግጣ ወደ ውኃው ባልዲ ልትሄድ ስትል እምሩ ሻንጣውን አስቀመጠና እጇን ያዘ።

«ልታጠብ» አለችው።

«ቆይ» አላት፤ አልለቀቃትም።