ሁለት አፍ፣ አንድ ሆድ

መምሬ ወልደ ዮሐንስ ጥቁሯን የላስቲክ ገመድ ቆርጠው እሾህ ውስጥ የወረወሯት በቅንነት ነው። የእህታቸው ልጅ ይታገሱ «ይቺ አንገቴ ላይ የምትታሰር ናት» ሲል ሰምተው የጠንቋይ ክታብ መሰለቻቸው። ማተብ ያለበት አንገት ሌላ ክር ምን ያደርግለታል? ይታገሱ ይህን ያወቀው ከቡሬ ወጥተው፣ ፈጠም ወንዝ ወደ ዓባይ በረሃ የሚንደረደርበትን ገደል በቅሎ እየጎተቱ ካጋመሱ በኋላ ነው። ዝናቡ ፊታቸውን እየገረፈ ነበርና መመለስ አይታሰብም።

ይታገሱ ባሕር ዳር የጀልባ ሞተር ከእምቦጭ እያላቀቀ የሚኖር ጠላቂ ነው። ተናደደ፤ በቄስ ላይ ግን አይጮኽም። ጠላቂ ሁሉ ሁለት የመተንፈሻ አፍ እንደሚይዝ አስረዳቸው። አንዱን ይጎርሰዋል፤ ቢጫው ደግሞ መጠባበቂያ ነው። አንዳንዱ ደረቱ ላይ ያንጠለጥለዋል፤ ኪሱ ውስጥ የሚወትፈው በጭንቅ ጊዜ አያገኘውም። ይታገሱ በዚያች ገመድ ከአገጩ ሥር ነው የሚያስረው፤ እጁ ቢያዝ እንኳ አንገቱን ደፋ ካደረገ ያገኘዋል። የሰመጠ ሰው አይለምንም፣ ከአፍ ይቀማል። እሱ ከአፍህ ሲቀማህ አንተ የአንገትህን ትጎርሳለህ።

«እንግዲያማ ሁለት ነፍስ ይዘህ ነው የምትዞር በለኛ» አሉ መምሬ።

«የለም መምሬ። ሁለት አፍ፣ አንድ ሆድ ነው። ሆዱ ባዶ ሲሆን ሁለቱም እኩል ይሞታሉ።»

ሆድ ያለው የአየር ሲሊንደሩን ነው። በቅሎዋ ሁለት ሲሊንደር ተሸክማለች፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የይታገሱ ታናሽ ወንድም መልካሙ ወንዙ ዳር ባለ ዋሻ ውስጥ ውሃ ዘግቶበታል። አባታቸው በድንበር ጠብ ሰው ገድሎ እስር ቤት ሞቷል፤ ደሙ ግን አልሞተም። የሟች ልጆች እንዳለውና ይርሳው የዚያን ቤት ወንድ አንገት ሊቆርጡ ምለው መልካሙን በገደሉ ቁልቁል አሳደዱት። እሱ ዋሻው ውስጥ ሲገባ ይርሳው ጩቤ መዞ ተከተለው። ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ወንዙን ሞላና የዋሻውን አፍ ደፈነው። በአለቱ ስንጥቅ የሰው ድምፅ እንደሚሰማ አንድ ከብት ጠባቂ ተናገረ፤ የማን እንደሆነ አልለየም።

ከወንዙ በላይ መሬቱ ከዳቸው። ጭቃው ተንዶ በቅሎዋን ከነጭነቷ ወሰዳት፤ ይታገሱ ልጓሙን እንደያዘ ወንዙ ውስጥ ተንከባለለ። እግሯ ተሰብሮ ጥልቁ ላይ ስትንፈራገጥ ዋኝቶ ደረሰባትና ጠፍሩን በጩቤ በጠሰ። አንዱ ሲሊንደር ከነቦርሳው እጁ ገባ። ሁለተኛውን ሊይዝ ሲዘረጋ ውሃው ፈላ። አዞ በቅሎዋን ከአንገቷ ነክሶ አገላበጣት፤ ወንዙ ቀላ፤ በቅሎዋም ሲሊንደሩም አብረው ሰመጡ። ይታገሱ በክርኑ እየዳኸ ወጣ። የቀረው አንድ ሆድ ብቻ ነበር።

ዋሻው አዞ ሊወጣው ከማይችል ፏፏቴ በላይ ነው። እዚያ ሲደርሱ ደግሞ ውጭ የቀረው እንዳለው ክላሹን ደግኖ ጠበቃቸው። መምሬ መስቀላቸውን አውጥተው ሊገዝቱት ሲራመዱ በሰደፍ አፋቸውን መታቸው። ወደቁ፤ ጥርሳቸውን ከደም ጋር ተፉት። ይታገሱ ሊዘልበት ሲል አፈሙዙ የሽማግሌው ማጅራት ላይ አረፈ። እንዳለው የሁለቱንም ድምፅ በስንጥቁ ሰምቷል። ይርሳው ቀድሞ ካልወጣ ቄሱን እንደሚጨርሳቸው ተናገረ።

ይታገሱ ጨነቀው። አየሩ ሁለት ጊዜ ገብቶ ለመውጣት መብቃቱ ያጠራጥራል። ይርሳው ከወጣ በኋላስ እንዳለው መልካሙን የሚምርበት ምን ምክንያት አለው?

«በማተብህ ማልልኝ» አለ። «ወንድምህን ሳወጣልህ፣ ወንድሜን ላትነካብኝ።»

እንዳለው ክሩን በሁለት ጣቱ ከደረቱ ሳበ። «ብከዳህ ማተቤ ይበጠስ።»

ይታገሱ ዕቃውን ሲታጠቅ ቢጫውን የሚያስርበት አጣ። እናቱ በሦስት ድርብ የገመደችለትን ማተብ ፈታና ቢጫውን አስሮበት መልሶ አንገቱ ላይ ቋጠረው። መምሬ ከወደቁበት ቀና ብለው አዩት፤ በደማ አፋቸው «ይጽና» አሉ።

የደፈረሰውን ውሃ ግድግዳውን እየዳበሰ አልፎ ዋሻው ውስጥ ብቅ አለ። በባትሪው ብርሃን ሁለቱ ሰዎች አለቱ ላይ፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ተቀምጠዋል። መልካሙ ክንዱ ተሰንጥቋል፤ ይርሳው ጩቤውን አለቀቀም። ይታገሱ ይርሳው እንደሚቀድም ሲናገር መልካሙ ቀና ብሎ አየው።

«እኔስ?»

«እመለሳለሁ» አለ ይታገሱ፤ ዓይኑን ግን ማየት አልቻለም።

ውሃው ውስጥ የጎረሰውን መተንፈሻ ከአፉ አውጥቶ ለይርሳው ሰጠውና ቢጫውን ጎረሰ። መንገድ አጋምሰው ሳለ ይርሳው ራሱን አለት መታውና የጎረሰውን ለቀቀው። ይታገሱ ሊያሰምጠው ያሰበ መሰለው፤ አበደ። ጩቤውን በይታገሱ ትከሻ ላይ ሰካው፣ ቢጫውንም ከጥርሱ መንጭቆ ጎተተ። ይታገሱ በአንድ እጁ አለቱን፣ በሌላው የጩቤውን እጅ ይዟል። ማተቡ አንገቱን ሰንጥቆ ገባ፤ አልተበጠሰም። ይርሳው ሲዝል ቢጫው ተመልሶ አገጩ ሥር ወደቀ። ይታገሱ አንገቱን ደፋ አደረገና ነከሰው። ጩቤውን አስጥሎ ያንኛውን መተንፈሻ በቡጢ በይርሳው ጥርስ ውስጥ ወተፈው።

ይርሳውን ከእንዳለው እግር ሥር ወረወረው። የአየሩ መለኪያ ቀዩን ነክቷል። ዞሮ ወደ ዋሻው ተመለሰ።

መልካሙን ይዞ ሲወጣ፣ የዋሻው አፍ ብርሃን ሲታያቸው፣ ሁለቱም አፎች እኩል ደረቁ። ያለ ትንፋሽ ተራገጡ። ከውሃው ብቅ ሲሉ ጎርፉ ወደ ፏፏቴው ነዳቸው፤ ከታች በቅሎዋን የበላው አለ። እንዳለው እስከ ወገቡ ገብቶ ክላሹን ዘረጋላቸው፤ አፈሙዙን ራሱ ይዞ፣ ሰደፉን ወደ እነሱ።

ይታገሱ ያዘ። ጣቱ ቃታው ላይ አረፈ። ክላሹ ጥይት ጎርሷል፤ አፈሙዙ በእንዳለው ደረት ላይ ነው። እንዳለውም ያውቃል፤ አልለቀቀም። ይታገሱ የመምሬን ጥርስ አሰበ፣ የወንድሙን ክንድ አሰበ፤ መግደል አማረው፤ እንደዚያ ያማረው ነገር በዕድሜው የለም። ጣቱን ከቃታው አነሣ።

«አንተ ሳብ» አለው።

እንዳለው ሳበ። ሦስቱም ጭቃው ላይ ተዘረሩ። መልካሙ ሳለ፣ ተፋ፣ አለቀሰ። ማተቡ በይታገሱ አንገት ቁስል ውስጥ ተቀብሮ ያንቀው ነበር፤ ትከሻው ስለተወጋ ራሱ ሊፈታው አልቻለም። እንዳለው ተጠግቶ ተንበረከከና በዚያ ሊቆርጠው በማለበት አንገት ላይ ጣቶቹን አሳረፈ። ይታገሱ አንገቱን ሰጠው፤ ጠዋት ቢሆን እጁን ይሰብረው ነበር። እንዳለው ክሩን ፈታ፣ ቢጫውን አወጣ፣ ማተቡን መልሶ ሊቋጥር ጫፍና ጫፉን ያዘ።

መምሬ ወልደ ዮሐንስ በቀራቸው ጥርስ ተናገሩ። «ላላ አድርገህ እሰረው፤ ይተንፍስበት።»